ጉቦ ሰጪውም ይጠየቃል

የጉቦ ነገር ሲነሣ ጣታችን ፈጥኖ ወደ ተቀባዩ ይቀሰራል። ሰጪውስ?

እ.ኤ.አ. በ1976 ሎክሂድ የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ፣ አውሮፕላኖቹን ለመሸጥ ለውጭ አገር ባለ ሥልጣናት ጉቦ መክፈሉ በአገሪቱ ሴኔት ፊት ተገለጠ። የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩዌ ታናካ 500 ሚሊዮን የን ተቀብለዋል ተብለው በ1983 በቶኪዮ ፍርድ ቤት የ4 ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። የኩባንያው ሊቀ መንበርና ፕሬዚዳንት ግን ሥራቸውን ከመልቀቅ በቀር ለፍርድ አልቀረቡም፤ የውጭ ባለ ሥልጣንን በጉቦ መደለል በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሕግ በቀጥታ አልተከለከለም ነበርና።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት በ1977 አዲስ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ጉቦ የሰጠ ኃላፊ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ በራሱ ላይ የተጣለውንም የገንዘብ መቀጮ ኩባንያው ሊከፍልለት አይፈቀድም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ብቻ ሲቀጣ ዕዳው ወደ ባለ አክሲዮኖች ያልፋል፤ ትእዛዙን የፈረመው እጅ ግን ንጹሕ መስሎ ይቀራል። ኩባንያ ኅሊና የለውም፤ ኅሊና ያለው ሰው ነው።

ለውይይት፦ «ለድርጅቱ ጥቅም ብዬ ነው» የሚል ሰው ከተጠያቂነት ነጻ ይሆናልን?