ብረት ሁሉ ደም አይሆንም

ማረሻ ብረት ነው። በቀይ አፈር ውስጥም ብረት አለ። በጤፍ፣ በገብስና በሥጋም አለ። ስሙ አንድ ነው፤ መልኩ ግን ይለያያል።

ሰውነታችን ደም ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል። ብረት ሲጎድል ደም ማነስ ይመጣል። ነፍሰ ጡር እናትን ይበልጥ ይጎዳል።

የሞላሌ ገበሬዎች ሆይ! «ጤፍ ብረት አለው፤ ደም ይሆናል» ሲባል ሰምታችኋል። እስቲ አውድማውን አስቡ። በሬዎች ሲያበራዩ አፈር ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው። በላይዳ ብታዘሩት፣ በወንፊት ብትነፉት አፈሩ ጨርሶ አይለቅም።

በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ የአገራችን ጥናት ይህን መረመረ። በጤፍ ውስጥ ከተገኘው ብዙ ብረት ትልቁ ድርሻ የአፈር ሆኖ ተገኘ። የአፈር ብረት እንደ ዝገት ነው። ሆድ በቀላሉ አያሟሟውም፤ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

ስለዚህ መርማሪ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ብረቱ ስንት ነው? በምን መልክ ነው?

ምን እናድርግ?
1. አውድማውን በእበት ደህና አድርገን እንለቅልቅ።
2. ሊጡ በደንብ ይቡካ። መቡካት የእህሉን ብረት ለሰውነት ያቀርባል።
3. ከምግብ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ እንብላ።
4. ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አንጠጣ፤ ቆየት እንበል።
5. ሲገኝ ሥጋ እንብላ፤ ብረቱን ሰውነት ቶሎ ይወስዳል።
6. ነፍሰ ጡር እናት የብረት ክኒኗን ከጤና ኬላ ወስዳ ትዋጥ።

ጥያቄ፦
ሀ. በጤፍ ውስጥ አፈር ከየት ገባ?
ለ. የአፈር ብረት ለምን ደም አይሆንም?

መልሱን ጽፋችሁ ለቤተሰብ አንብቡ።