ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ ላሉ መምህራንና የአገር ሽማግሎች

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተብሎ የሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ምን እንደ ሆነ፥ በወረታና በዙሪያዋ ላሉ ልጆችም በምን መንገድ ሊሰጥ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንገልጻለን። ብዙ ሰው ይህን ትምህርት ጣትን በፊደል ገበታ ላይ ማሯሯጥ፥ ወይም በስልክ መጫወት ይመስለዋል። ስለዚህም መሣሪያው በሌለበት ትምህርት ቤት ትምህርቱም የለም ብሎ ይተወዋል። ይህ አሳብ ልጆቹን እጅግ ይጐዳል፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከከተማ ልጆች ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉና። በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ አንዳንዶቹ ብሔራዊውን ፈተና በኮምፒዩተር ስለ ተፈተኑ ነገሩ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

ከሩቅ የመጣ ነገር ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፥ እናንተ ሽማግሎች ሩዙን አሳዩት። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ለሌላ እህል የማይመች ነበር። ሩዝ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከገባ በኋላ ግን ያ የሚጠላው ውሃ ሀብት ሆነ፤ ዛሬ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኖ ይበላል፥ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ በፎገራ ተተክሏል። ይሁን እንጂ ዘሩ ብቻውን አልበቃም፤ መቼ እንዲዘራ፥ እንዴት እንዲታረም፥ በምን እንዲፈተግ መማር አስፈልጓል። በኮምፒዩተርም ዘንድ ዋናው ነገር ዕቃው አይደለም፤ የሥራው ሥርዓት ነው።

ኮምፒዩተር ከራሱ አሳብ የለውም። ሰው አስቀድሞ ሥራውን ከፋፍሎ፥ የትኛው እንዲቀድም፥ የትኛው እንዲከተል፥ ይህ ቢሆን ወዴት እንዲሄድ፥ ያ ቢሆን ወዴት እንዲመለስ ጽፎ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለውን የሥራ ቅደም ተከተል ሊቃውንቱ አልጎሪዝም ይሉታል፤ ስሙም በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ የተወሰደ ነው። ነገሩ ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይኸውም እንዲህ ነው። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ሲፈለግ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨመራል፤ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ 30 በ30 ሲገድፉት 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አባዝቶ እንዲሁ ሲገድፉት 18 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው። ከዚያም መጥቅዑ ከ14 ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፥ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። እንግዲህ ቁጥር መቀበል፥ ማስላት፥ «እንዲህ ቢሆን» ብሎ መለየት፥ በመጨረሻም መልሱን መመርመር፤ እነዚህ አራቱ የፕሮግራም ጽሕፈት መሠረት ናቸው። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ቢያሳይ የካህኑም የሙስሊሙም ልጅ ይረዳዋል፤ ስሌቱ የቁጥር ሥራ ነውና።

የገበሬውን ልጅ ደግሞ በሩዝ ጆንያ አስተምሩት። ክብደታቸው የተለያየ አምስት ጆንያዎች ቢኖሩ፥ ሁለት ሁለቱን ብቻ በሚያስተያይ ሚዛን ከቀላሉ እስከ ከባዱ በተራ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ መመዘን ያስፈልጋል? እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ያስተያየ 10 ጊዜ ይመዝናል። ጆንያዎቹ 10 ቢሆኑ 20 ጊዜ ይበቃል የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ቢቈጥረው ግን 45 ይሆናል። ከዚህ የሚያንስ መንገድ መኖሩን ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ቁጥሩና ስለ ፊደሉም ጥቂት እንበል። መሣሪያው የሚያውቀው መብራት እንደ መብራትና እንደ መጥፋት ያሉትን ሁለት ነገሮች ብቻ ነው። አምስት ልጆች በሰልፍ አቁሙ፤ 16፥ 8፥ 4፥ 2፥ 1 የተጻፈበት ወረቀት አስይዟቸው። የቆመው ይቈጠራል፥ የተቀመጠው አይቈጠርም። የ16ና የ2 ልጆች ቢቆሙ 18 ነው፤ በዚህ ሥርዓት አምስቱ ልጆች ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ያሳያሉ። የግዕዝ ፊደልም በዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ 4608፥ ሁ 4609፥ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለየፊደሉ ቤት ስምንት ስፍራ ስለ ተሰጠው ለ 4616 ሆኗል። መ በሀሌታው አራተኛ ስለ ሆነ በ4608 ላይ ሦስት ጊዜ ስምንት ቢጨምሩ 4632 ይገኛል። ሀን በልጆች ለማሳየት የሚያሻው 13 ልጅ ነው፤ ከእነዚያም የሚቆሙት የ4096ና የ512 ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለ መብራት፥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በሆነው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፥ የኢንተርኔት መስመርም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ መብራቱና መስመሩ እስኪመጣ እንጠብቅ ማለት የልጆቹን ዕድሜ ማሳለፍ ነው።

ሆኖም መኪናው ካለ በእጅ ሊዳሰስ ይገባል። ዋና ልምድን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ በጉማራ ሙላት ላይ ምን ይሆናል? ይሰበራል ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ በዕቃ ቤት የተቈለፈ ኮምፒዩተር ተሰብሯል ከማለት አይለይም። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ ሁለት ሁለት ልጆች ይቀመጡ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይመርምር፥ በየሩብ ሰዓቱም ይለዋወጡ። ሴቶች ልጆች ወደ ኋላ ተገፍተው ተመልካች ብቻ እንዳይሆኑ መምህሩ ይጠንቀቅ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የተተከለው ፕላዝማ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እየተናገረ ያልፍ ነበር እንጂ ልጁ ሳይገባው ሲቀር የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ስለዚህም ከአዲሱ መሣሪያ ጋር መምህሩ አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ቃላቱ እንግሊዝኛ ቢሆኑም አሳቡን በአማርኛ ያስረዳ።

ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፉት ፕሮግራም ያው የባሕረ ሐሳቡ ቢሆን መልካም ነው። ጽፈው ሲጨርሱ 2018ን ያስገቡ፤ 12ና 18 ይወጣላቸዋል፥ ደስም ይላቸዋል። ከዚህ በኋላ 2024ን እንዲያስገቡ ይታዘዙ። 7524 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ በዚህ ጊዜ ወንበሩ 18 እንዲሆን ሥርዓት አለ፥ አበቅቴው 18፥ መጥቅዑም 12 ይሆናል። ይህን ሥርዓት ያልጻፈ ልጅ ግን ከዜሮ አንድ ይቀንሳል፤ ሰው ቢሆን ግራ ገብቶት ይጠይቅ ነበር፥ ኮምፒዩተሩ ግን አይጠይቅም። ፕሮግራሙ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ አበቅቴ 19፥ መጥቅዕ 11 ብሎ ይመልሳል፤ ድምሩም 30 ስለ ሆነ ትክክል ይመስላል። ልጆቹ ስሕተቱን ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስ መምህሩ ዝም ይበል።