ከሮቤ ለሚበር መንገደኛ፦ የማረፊያው መስመሮች ማብራሪያ

የባሌ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሮቤም የጎባም በር ነው፤ የቲኬቱ መለያ «ጂኦቢ» የተወሰደው ከጎባ ስም ነው። መንገደኛው ከተርሚናሉ ወጥቶ አውሮፕላኑ ዘንድ የሚደርሰው በእግሩ ነው። የሚረግጠውን ሜዳ ባለሙያዎች «አፕሮን» ይሉታል፤ አውሮፕላን፣ የነዳጅ መኪናና የሻንጣ ጋሪ ይጋሩታል። ስለዚህ በመሬቱ ላይ ያለው ቀለም መንገደኛውንም ይመለከታል እላለሁ።

ነጭና ቢጫ

የመንደርደሪያው መስመሮች ነጭ ናቸው። አውሮፕላኑን ከመንደርደሪያ ወደ ማቆሚያ የሚመራው መስመር ግን ቢጫ ነው፤ የአፍንጫው ጎማ ይህን ቢጫ ተከትሎ ይሄዳል። ወደ ሮቤ የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ28 ሜትር ይበልጣል፤ የክንፉ ጫፍም ከአብራሪው ኋላ ነው። መስመሩ የሚሰመረው ክንፉ ግራና ቀኝ ምንም ነገር እንዳይነካ ተለክቶ ነው። ጎማው አንድ ሜትር ከሳተ ክንፉም ያንኑ ያህል ወደ እንቅፋት ይጠጋል። በማቆሚያው ጫፍ አውሮፕላኑን በእጅ ምልክት የሚመራው አስተናባሪ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ሲያጣምር አብራሪው ይቆማል፤ ከዚያ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል።

ቀዩ መስመር

ማቆሚያውን የሚከበው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። አውሮፕላኑ ሲገባና ሲወጣ ሰውም ተሽከርካሪም ከቀዩ ውጭ ይጠብቃል። የኪው 400 ፕሮፔለር ስድስት ቅጠል አለው፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም፣ ባዶ አየር ይመስላል። አውሮፕላኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይም ሊነሳ ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ከመንደርደሪያው በፊት

ወደ መንደርደሪያው የሚወስደውን መንገድ አራት ቢጫ መስመሮች ያቋርጡታል፤ ሁለቱ ያልተቆረጡ፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ባልተቆረጡት በኩል የመጣ አብራሪ ያለ ታወር ፈቃድ አያልፍም። በተቆራረጡት በኩል የመጣው ከመንደርደሪያው እየወጣ ስለሆነ ያልፋል። ከመስመሮቹ ጎን በቀይ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ የመንደርደሪያ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ይቆማል። ቦሌ ላይ «07» ማለት አቅጣጫው በኮምፓስ ወደ 70 ዲግሪ ነው ማለት ነው፤ በተቃራኒው ጫፍ «25» ይሆናል። በጥቁር መደብ ላይ ያለ ቢጫ ጽሑፍ «ያለህበት ይህ ነው» ይላል፤ በቢጫ መደብ ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ መሄጃውን ይጠቁማል።

ጉም ሲወርድ

በ1977 እ.ኤ.አ. ቴነሪፌ ደሴት ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ አንድ ቦይንግ 747 ሳይፈቀድለት ለመነሳት ተንደረደረ። ሌላ 747 እንዲወጣበት ከተነገረው መውጫ አልፎ ገና መንደርደሪያው ላይ ነበር። ሁለቱ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ጉም ለባሌ ደጋ እንግዳ ስላልሆነ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራለሁ። የምልክቶቹ ደንብ ዓለም አቀፍ ነው፤ ሮቤ የሚያርፍ አብራሪ ቦሌም ሆነ ፍራንክፈርት የሚያነበው ምልክት ያው ነው።

ሮቤ ስትወርዱ ተራሮቹን ፎቶ ለማንሳት ከተመራችሁበት መንገድ አትውጡ፤ ልጆቻችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ስልኩንም ከተርሚናሉ እስክትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።