የአያት ውጅግራ ይፈግፈግ?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የቀረ ውጅግራ ቤታችን አለ። ዝገቱን አስፈግፍጌ ብሸጠው ዋጋው ይጨምራል?
(አንባቢ፣ ጋምቤላ ከተማ መሃል)

መልስ፦ ኧረ አያስነኩት! ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ሰብሳቢ ቀድሞ የሚያየው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የሞዴልና የፋብሪካ ምልክት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ያንን ከበላው የቀረው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ጥይት አለመጉረሱን ባለሙያ ያረጋግጥልዎ፤ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። እንጨቱን ቫርኒሽ አይቀቡት።

አያትዎ ከየት እንዳገኙት ሽማግሌዎችን ጠይቀው ይጻፉ። አኙዋኮች በ1904 ዓ.ም. አዶንጋ ላይ የእንግሊዝን ጦር ሲገጥሙ ጠመንጃ በእጃቸው ነበር፤ የእናንተውም ታሪክ ሊኖረው ይችላል።

ሽያጩን ግን ይተዉት፤ ያለ ፈቃድ መሸጥ ቀርቶ መያዙም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። አስቀድመው ፖሊስ ያነጋግሩ።