የተከፋች ሥዕል ጀርባ ምን ይነግራል?

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ደብረ ወርቅ፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣለው በሚባል የእመቤታችን ሥዕል ትታወቃለች። በኢትዮጵያ በእንጨት ገበታ ላይ የሚሣለው የማርያም ሥዕል የተስፋፋው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ለሥዕሏ የሚሰጠውን ክብር ካጠናከሩ በኋላ ነው።

ለግል ጸሎት በተሠራ ባለ ሦስት ገጽ ተከፋች ሥዕል ላይ ዓይን ወደ ቀለሙ ይሳባል፤ ስለ አገልግሎቱ አብልጦ የሚናገረው ግን እንጨቱ ነው። መካከለኛውን ገጽ የሚሸፍኑት ሁለቱ ክንፎች ጠርዛቸው ተበስቶ በክር ይያያዛሉ። ክሩ ያሰፋው ቀዳዳ፣ ጣት ያለሰለሰው ጠርዝ፣ ጀርባው ላይ የተጋገረው ጥላሸት ሥዕሉ ምን ያህል እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ፣ ከምድጃ ምን ያህል ቀርቦ እንደ ኖረ ያመለክታሉ። ነጋዴ ለገዢ እንዲያምር ብሎ ጀርባውን ሲፍቅ፣ ክሩንም በሽቦ ሲተካ የሚጠፋው ይኸው ማስረጃ ነው። ስለዚህ የቅርስ ምዝገባ ከፊት ገጹ ፎቶግራፍ ጋር የጀርባውንና የቀዳዳዎቹን ልክ ሊይዝ ይገባል፤ ጽዳትም ቢያስፈልግ ከዚያ በኋላ ይሁን።