ኪኒን ከመስጠታችን በፊት ግፊት የምንለካው ለምንድን ነው?

ውድ ባለትዳሮች፣ ለቤተሰብ ምጣኔ የሚመጡ እናቶች «የመጣሁት ኪኒን ለመውሰድ ነው፤ ግፊት መለካቱ ለምን አስፈለገ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እነሆ።

የደም ግፊት ማለት ደም በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል፤ በተለምዶ «ደም ብዛት» የምንለው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት ስለሌለው ሰው ጤነኛ ነኝ እንዳለ ዓመታት ይቆያል። ውሎ አድሮ ግን አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል።

በብዛት የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን አለበት። ይህም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ቀድሞውኑ ግፊት ባለባት ሴት ላይ ደግሞ ለልብ ሕመምና በአንጎል ውስጥ ለሚደርስ የደም መርጋት ወይም መፍሰስ ያጋልጣል። ስለዚህ ከጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥ አይገባም።

ግፊት ተገኘባት ማለት ግን የቤተሰብ ምጣኔ ቀረባት ማለት አይደለም። ሆርሞን የሌለው ሉፕ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያና ኮንዶም አሉ። ሌላ መከላከያ ሳይተካ ኪኒኑን ማቋረጥም አደጋ አለው፤ ግፊት ባለባት እናት ላይ ያልታሰበ እርግዝና ለራሷም ለፅንሱም አስጊ ነውና።

ልኬቱ ትክክል እንዲሆን፦

1. ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፤ ሲጋራም አታጭሱ።
2. ሽንት ቤት ደርሳችሁ 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ።
3. ጀርባችሁን አስደግፉ፤ እግራችሁን አታጣምሩ፤ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይረፍ።
4. ሲለካ አትነጋገሩ። ሁለቱም ቁጥሮች በካርዳችሁ ላይ እንዲጻፉ ጠይቁ።

አንዲት የ3 ልጆች እናት «ተሽሎኛል» ብላ የግፊት መድኃኒቷን አቋርጣ መጣች። ስንለካት ግፊቷ ከበፊቱ ጨምሯል። ሊሸኛት የመጣውን ባለቤቷን «እስቲ አንተም ተለካ» ብንለው የእሱ ከእሷ የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ግን አንድም ቀን ራሱን አሞት አያውቅም። ዛሬ ሁለቱም መድኃኒታቸውን በአንድ ሰዓት ይወስዳሉ፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል።

መድኃኒቱ ግፊትን ይቆጣጠራል እንጂ ነቅሎ አያጠፋም። ልኬቱ የተስተካከለው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡት። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሽፈራው አይተካውም። ጨውን በተመለከተ፣ በወጡም በዳቦውም ያለው ተደምሮ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን።

ለማርገዝ ያሰባችሁ እናቶች አስቀድማችሁ ንገሩን። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ሐኪሙ በሌላ ይለውጥላችኋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ። መለካቱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።