ወሬው ሳይቀድማችሁ፦ በመንጋ ላይ ችግር ሲደርስ ለገዢ እንዴት ይነገራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በከብት ንግድ ደግሞ በሽታውን የደበቀ ገዢም አይኖረውም። በዚህ ትምህርት በመንጋችሁ ላይ ችግር ሲደርስ ለማን፣ መቼና ምን ብላችሁ እንደምትናገሩ እናያለን። ምሳሌዎቻችን ከሱዳን ናቸው፤ ከመተማ ገላባት ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍና ካርቱም የሚነግድ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋልና። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2007 ምን ሆነ?

በዚያ ዓመት ክረምት ሱዳንን ከባድ ዝናብና ጎርፍ መታት። የተኛው ውሃ ትንኝ አበዛ፤ ትንኙም የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን፣ ብዙዎቻችን ሪፍት ቫሊ የምንለውን በሽታ ይዞ መጣ። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በእንስሳት ላይ ነው፤ ያረገዙት በብዛት ይጨነግፋሉ፣ ግልገልና ጥጃ ይሞታል። በሱዳን ግን ነገሩ ጎልቶ የወጣው በነጭ ዓባይ፣ በሰናርና በገዚራ ሰዎች መታመምና መሞት ሲጀምሩ ነው። እስከ ጥር 2008 አጋማሽ ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት 738 ታማሚዎችን መዝግቦ ነበር፤ ከነሱም 230ዎቹ ሞተዋል። ሳዑዲ አረቢያም ዓረፋ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት የሱዳንን የቁም እንስሳት አገደች።

በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች፣ ይፋ ማድረጉ የዘገየበት አንዱ ምክንያት የእገዳ ፍርሃት መሆኑን ጽፈዋል። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በ2000 በሽታው በሳዑዲ ጂዛን ከተነሳ በኋላ በሶማሊያ እንስሳት ላይ የተጣለው እገዳ የተነሳው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት ገበያ መዘጋት ምን እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ሆኖም በ2007 ዝምታው እገዳውን አላስቀረም። እገዳው መጣ፤ የሰው ሕይወትም አለፈ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። አንድ ነጋዴ ቀድሞ ስለተናገረ የመንግሥት እገዳ አይቀርም። በእጃችሁ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ገዢው መጀመሪያ የሚደውለው ለእናንተ ነው ወይስ ለሌላ? ይህን የሚወስነው በመጀመሪያው ቀን የተናገራችሁት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚሠሩ አምስት ነገሮች

1. ለዩ፣ አቁሙ፣ ሐኪም ጥሩ። ከመናገር በፊት ሥራው ይቅደም፤ የሚነገር ነገር የሚኖራችሁ ያኔ ነው። የታመመውን ቶሎ አርዶ ለቄራ መስጠት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ሪፍት ቫሊ ወደ ሰው ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የታመመ እንስሳ ደምና የሆድ ዕቃ መንካት ነው። እረኛችሁንና አራጁን መጀመሪያ አስጠንቅቁ።

2. አንድ ሰው ብቻ ይናገር። እረኛው፣ ሾፌሩና ደላላው ለየብቻ ከተናገሩ ሦስት ወሬ ይሆናል። በኦምዱርማን ሙዌሊህ ገበያ አንድ ሰምሳር የሰማው ነገር ሌላው ጋ እስኪደርስ ሻይ አይቀዘቅዝም። ሠራተኞቻችሁ «ባለቤቱን ጠይቁ፣ ስልኩ ይኸው» እንዲሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

3. የምታውቁትን፣ የማታውቁትንና የምታደርጉትን ለዩ። ሐኪም ሳያረጋግጥ የበሽታ ስም አትጥሩ። «ምንም የለም» ማለትም ያው ግምት ነው።

4. ቁጥር አታሳንሱ። ሰኔ 12 ቀን 2022 በሱዋኪን ወደብ የሰጠመችውን ባድር 1 የተባለች መርከብ አስታውሱ። 15,800 ገደማ በግ ጭና ነበር፤ የምትችለው ግን 9,000 እንደነበር አንድ የወደቡ ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናገረ። ዜናው በአጭር ጊዜ ዓለምን ዞረ። ቁጥር ከወደብም፣ ከኬላም፣ ከሚዛንም ይወጣል። ቀድሞ ከእናንተ ካልተሰማ ከሌላ ይሰማል፤ ያኔ ሌላው ቃላችሁም አይታመንም።

5. ወረቀቱን ያዙ። የትኛው መንጋ ከየት ገበያ እንደተገዛ፣ መቼ እንደተከተበ፣ በየት በረት እንዳደረ የሚያሳይ መዝገብ ከሌላችሁ፣ አራት ሰንጋ ሲታመም ያለው ሁሉ እንደታመመ ይቆጠራል። ጤነኛውን መንጋ የሚያድነው ወረቀት ነው።

መልእክቱ ይህን ይመስላል

ካርቱም ላለ ደንበኛ የሚላክ እንበል፦

«ሰላም ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ? መተማ ካሉት 60 ሰንጋዎች አራቱን ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸዋል፤ አይበሉም። ሐኪም ዛሬ ጠዋት ደም ወስዷል፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። 60ዎቹንም ለይተን አቁመናል፤ አንድም አልተሸጠ፣ አልታረደ። ከሌላ ገበያ የገዛናቸው 40 በሌላ በረት ናቸው፤ እነሱንም ሐኪሙ ሳያያቸው አንጭንም። ቀብድዎ እጄ ላይ ነው። ነገ በእርስዎ ሰዓት ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፣ ውጤት ቢመጣም ባይመጣም እደውላለሁ።»

ይህን መልእክት ከመላካችሁ በፊት ግን ሰዓቱን አጥሩት። በእኛ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ በካርቱም ሰዓት የቀኑ 3 ነው፤ ሱዳን ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፣ አቆጣጠሩም ይለያል። ስለዚህ «9 ሰዓት» የሚለውን ሰርዙና «በካርቱም ሰዓት ከቀትር በኋላ 3» ብላችሁ ጻፉ። በጭንቅ ጊዜ ያለፈ ቀጠሮ «ሸሸ» ያሰኛል። በዓረብኛ የሚላክ ከሆነም የሚያውቅ ሰው ያንብበው።

መስመር ሲጠፋስ?

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስልክ ሁልጊዜ እንደማይገኝ አይተናል፤ በየካቲት 2024 በአብዛኛው ሱዳን ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከገዢያችሁ ጋር ሁለተኛ መንገድ ዛሬውኑ ተስማሙ፦ ገዳሪፍ ወይም ፖርት ሱዳን ያለ የጋራ ወዳጅ፣ ወይም በሾፌር እጅ የሚሄድ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ።

ለመለማመድ

ሀ. ዛሬ ማታ አንድ መንጋችሁ ቢታመም በመጀመሪያው ሰዓት የምትደውሉላቸውን ሦስት ሰዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። ሐኪሙ ከነሱ አንዱ ነው?

ለ. አሁን በረት ያለውን መንጋ ከየት እንደገዛችሁ ከወረቀት ማሳየት ትችላላችሁ?

ሐ. ከላይ ያለውን መልእክት በራሳችሁ ደንበኛ ስምና በራሳችሁ ቁጥር ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የምትጽፉት ዛሬ፣ ልባችሁ ሲረጋጋ ይሁን፤ ሌሊት በበረት ውስጥ ቆማችሁ ቃል መፈለግ ከባድ ነው።